የመንዝ ጎጆ ለነገዎቹ አርክቴክቶች ምን ያስተምራል?

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በመንዝ ያደረ ሰው ውርጭ ምን እንደኾነ ያውቃል። ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ይታያል። በዚያች ሌሊት አንዱ ሰው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የጓሳ ሳር ክዳን ባለው ቤት፣ ሌላው ደግሞ በብሎኬት በተገነባና ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ቢያድሩ፣ ጠዋት ሲገናኙ የሚያወሩት አንድ አይኾንም። የመጀመሪያው ምድጃው ከጠፋ በኋላም የግድግዳው ሙቀት አብሮት አድሯል። ሁለተኛውን ግን ከቆርቆሮው ሥር የተንጠባጠበው ጤዛ ቀስቅሶታል።

ይህ የሀብት ልዩነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የበለጠ ገንዘብ ያወጣው ባለቆርቆሮው ነው። ልዩነቱ የንድፍ ነው። በአርክቴክቸር ትምህርት ቤቶች «ለአካባቢ ተስማሚ የሕንጻ ንድፍ» እየተባለ የሚሰጠው ትምህርትም ከዚሁ ጥያቄ ይነሳል። ቤት እንዴት ቢሠራ ነው በጥቂት ማገዶ የሚሞቀው? ግብዓቱ ከየት ቢመጣ ነው መሬቱ የማይራቆተው? እንዴትስ ቢገነባ ነው ለልጅ ልጅ የሚቆየው?

ጥያቄው ለአርሶ አደሩ ከማሳው የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። በመንዝ ከፍታ ዛፍ እንደ ልብ አያድግምና ብዙው ቤተሰብ የሚያነደው ኩበት ነው። ምድጃ የገባ ኩበት ማሳ አይገባም። ሙቀት የማይዝ ቤት እንግዲህ በየሌሊቱ የሚበላው የገብሱን ማዳበሪያ ነው። የቤት ንድፍ የእርሻም ጉዳይ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትምህርቱ ከየት ተነሳ?

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የግንባታ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ከተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ዛሬ የዚያ ተቋም ወራሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፣ የሕንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ነው።

ይህ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 ከስዊዘርላንዱ ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ ባለ ሁለት ደረጃ የሙከራ ቤት ገነባ። የምድር ቤቱ ግድግዳ በሳጥን ውስጥ ተጠቅጥቆ የጠነከረ አፈር ነው። ፎቁን የሚሸከመው ወለልና ጣሪያው ደግሞ ከአፈር በተዘጋጁ ስስ ጡቦች፣ በቅስት ቅርጽ፣ ያለ ፌሮ የተሠሩ ናቸው። ከሙከራው የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ አፈር የድኻ ግብዓት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ በስሌት ከተሠራበት ፎቅ ይሸከማል።

ይሁንና የአዲስ አበባ አፈር የአዲስ አበባን ጥያቄ ይመልሳል። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ የራሳቸው ብርድ፣ የራሳቸው ሙቀት፣ የራሳቸው ድንጋይ አላቸው። ተማሪው ወደነዚህ አካባቢዎች መጥቶ ቢያይ የሚማረው ምንድን ነው?

ግድግዳና ክዳን እንደ ጥማድ በሬ

የመንዝ ቤት ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከማሳና ከገደል ሥር የተለቀመ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የሚገነባ ነው። ውፍረቱ አንድ ክንድ ያህል ይኾናል። ድንጋይ ሙቀትን ቶሎ አይቀበልም፤ ቶሎም አይለቅም። ቀን ከፀሐይ፣ ማታ ከምድጃ የወሰደውን ሙቀት ሌሊቱን ቀስ እያለ ይመልሳል።

ነገር ግን ድንጋይ ሙቀትን ያከማቻል እንጂ እንዳይወጣ አይከለክልም። የሚከለክለው በውስጡ አየር ያሰረ ነገር ነው። የመንዝ ባና ሰውን የሚያሞቀውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ሱፉ ራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ በክሮቹ መካከል የታሰረው አየር የሰውነትን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ። ተደራርቦ የተከደነ የጓሳ ሳርም ለቤቱ እንደ ባና ነው። ግድግዳውና ክዳኑ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አያርስም።

ቆርቆሮ ሲመጣ ጥማዱ ተፈታ። የቆርቆሮ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከሰው ትንፋሽና ከድስት የወጣው እንፋሎት ከሥሩ ሲነካው ውኃ ኾኖ ይንጠባጠባል።

ሕዝቡ ቆርቆሮን የመረጠው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ ሳር በእሳት ፍንጣሪ አይያያዝም፤ በየጊዜው ክደነኝ አይልም፤ የዝናብ ውኃም ያጠራቅማል። በ50 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 500 ሊትር ውኃ ይወርዳል። ስለዚህ የጥሩ አስተማሪ ጥያቄ «ወደ ሳር እንዴት እንመለስ?» ሳይኾን «ሳሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ በቆርቆሮው ሥር ማን ይሥራው?» የሚል ነው። መልሱ ኮርኒስ ነው፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ደግሞ ደረቅ ጭድ ወይም የበግ ጸጉር። በሌሎች አገሮች የበግ ሱፍ ለዚሁ ዓላማ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። በጉ ያለው መንዝ ይህንን መሞከር የሚሳነው አይደለም። ጥንቃቄው ጭዱ በጭቃ ምርጊት ከታች እንዲሸፈን፣ ከኤሌክትሪክ ገመድና ከጭስ መውጫም እንዲርቅ ማድረግ ነው።

ክዳኑን ያቆየው ሕግ

የመንዝ ትልቁ ትምህርት ግን ከቤቱ ውጭ፣ በጓሳ ሜዳ ላይ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ በቀይ ቀበሮና በጭላዳ ዝንጀሮ ይታወቃል። ለአካባቢው ነዋሪ ግን ከሁሉ በፊት የክዳን፣ የገመድና የገሳ ሳር መገኛ ነው።

በአባቶች ትውፊት መሠረት ጓሳ አስቦና ጌራ ከተባሉ አቅኚዎች ዘር በአጽመ ርስት የወረደ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ባለ መብቶቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ሜዳው ሳሩ እስኪያድግ ድረስ ይዘጋል፤ መዝጊያው እስከ ሦስት ተከታታይ ዓመታት የሚዘልቅበት ጊዜም ነበር። ሲከፈት በበጋ ይታጨዳል፤ ከዚያ ከብት ይገባበታል፤ ክረምት ሲገባ፣ በጾመ ሐዋርያት መፍቻ ሐምሌ 5፣ እንደገና ይዘጋል። ይህንን ሥርዓት ተመራማሪው ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ በጥናታቸው በሰፊው መዝግበውታል።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የአጽመ ርስት መብትን ሲያስቀር ቄሮም ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቶ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎታል።

ለአርክቴክት ተማሪ ይህ ታሪክ ከግንባታ መጻሕፍት የማይገኝ ቁም ነገር ይነግረዋል። ሳር በራሱ «ዘላቂ ግብዓት» አይደለም። ዘላቂ ያደረገው መቼ እንደሚታጨድ፣ ማን እንደሚያጭድና ማን እንደሚጠብቀው የሚወስነው ሕግ ነው። ባሕር ዛፍም፣ ድንጋይም፣ የወንዝ አሸዋም እንደዚሁ ናቸው። ንድፍ የሚሠራ ሰው በወረቀቱ ላይ የሚጽፈውን እያንዳንዱን ግብዓት «ጠባቂህ ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

አንድ ንድፍ ለመንዝም ለጀማም?

ከመሐል ሜዳ ብርድ ተነስቶ በመርሐቤቴ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ የወረደ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ጋቢውን ያወልቃል። በዚህ አጭር ርቀት የቤት ጠላት ይለዋወጣል፤ በላይ ብርድ፣ በታች ሙቀት። ያም ኾኖ በደጋውም በቆላውም አንድ ዓይነት ስፋት፣ አንድ ዓይነት መስኮት፣ አንድ ዓይነት ክዳን ያላቸው የብሎኬት ሕንጻዎች ተገንብተው ማየት የተለመደ ነው።

የፀሐይን መንገድ ማወቅ ብቻውን ብዙ ይለውጣል። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ወደ ደቡብ 33 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። በሰኔ ግን ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በመንዝ ወደ ደቡብ የተከፈተ መስኮት ውርጭ በሚበረታበት ወቅት ፀሐይን እስከ ወለሉ ድረስ ያስገባል፤ ማታ በእንጨት መዝጊያ ከተዘጋ የገባው ሙቀት ያድራል። በጀማ ቆላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መስኮቶች ትይዩ ኾነው ነፋስ ማሳለፍ፣ ክዳኑ ወጣ ብሎ ግድግዳውን ማጥላት፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ማነስ አለበት። ይህ ሁሉ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም፤ ከመሠረቱ በፊት ማሰብን እንጂ።

ጎጆው ያልመለሰው ጥያቄ

የአባቶችን ቤት ማክበር ጉድለቱን መሸፈን አይደለም። በመስኮት አልባው ጎጆ ውስጥ ጭሱ የሳሩን ክዳን ከተባይ ይጠብቃል፤ የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ግን ይጎዳል። ጨለማውም ለሚያጠና ልጅ አይመችም። የጭስ መውጫ ያለው ምድጃና ፀሐይ የሚያስገባ መስኮት የቅንጦት ሳይኾኑ የጤና ጉዳዮች ናቸው።

ሁለተኛው ጉድለት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከመንዝ ተረተር በስተምሥራቅ ግርጌ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ከባድ የድንጋይ ግድግዳ ሲናጥ ሁለቱ ፊቶቹ ተለያይተው ይናዳሉ።

መፍትሔው በራሳችን ቅርስ ውስጥ አለ። በላሊበላ አቅራቢያ የሚገኘው የ12ኛው ክፍለ ዘመን የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይና አግዳሚ እንጨት እየተፈራረቁበት የተገነባ ነው። አግዳሚው እንጨት ግድግዳውን እንደ መቀነት ያስረዋል። ዛሬም በየመኻሉ ግድግዳውን ከፊት እስከ ጀርባ የሚያያዝ ረጅም ድንጋይ ማግባት፣ በመስኮት አናትና በግድግዳው ጫፍ ዙሪያውን የእንጨት ወይም የአርማታ መቀነት ማሰር የቤተሰብን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ሲሚንቶ የት ይግባ?

በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚገኘው በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በእንሳሮ ወረዳ ነው። ሲሚንቶ ወደ ደጃፋችን ቀርቧል ማለት ነው፤ ይህም ለልማት የሚጠቅም ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው ግን የኖራ ድንጋይ በ1 ሺህ 450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ተቃጥሎ ነው። ጭሱ ከነዳጁ ብቻ ሳይኾን ከድንጋዩም ይወጣል። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚኾነው ከሲሚንቶ ምርት የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ሊማር የሚገባው ሲሚንቶን መጥላት ሳይኾን መቆጠብ ነው። እንደ ቅመም ቁጥብ ኾኖ፣ በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ሊገባ ይገባል፤ በመሠረቱ፣ በመቀነቱ፣ ውኃ በሚነካው ሥፍራ። ድንጋይ በሞላበት አገር ሙሉውን ግድግዳ ብሎኬት ማድረግ ግን ለኪስም ለአየሩም ዕዳ ነው።

ከደጃፍ የሚጀምር ትምህርት

ቡርኪናፋሷዊው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በጀርመን ሲማሩ የመጀመሪያ ሥራቸውን ያሳረፉት በትውልድ መንደራቸው ጋንዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀው ያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሸክላ አፈር፣ በመንደሩ ሕዝብ ጉልበት የተገነባ ነው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከር ሽልማትን ያገኙ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ኾነዋል። በውጭ የተማሩትን ስሌት ከመንደራቸው አፈርና እጅ ጋር አገናኝተውታል።

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የሚወጡ ተማሪዎችም ይህን ማድረግ ይችላሉ። ትምህርቱ በስዕል ጠረጴዛ ላይ ብቻ እንዳይቀር ግን ተማሪው ቴርሞ ሜትር ይዞ በሁለት ዓይነት ቤት ውስጥ ማደር፣ ከግንበኛው ድንጋይ መምረጥን፣ ከባልቴቷ ጭቃ ማቡካትን መማር አለበት። አንድ ግድግዳ በእጁ ገንብቶ ክረምት ካለፈ በኋላ ተመልሶ ማየትም ይኖርበታል። ያኔ ግንበኛው የቀን ሠራተኛ ብቻ ሳይኾን መምህርም ይኾናል።

ለመሥራት የተዘጋጀ አንባቢም አርክቴክት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። ቦታ ሲመርጥ ፀሐይን ይመልከት፤ ግድግዳውን በመቀነት ይሰር፤ ቆርቆሮውን ያለ ኮርኒስ አይተወው፤ ጭሱን መውጫ ያብጅለት። በዚያ ቤት የተቆጠበው ኩበት በሰኔ ወደ ማሳው ሲመለስ፣ የንድፍ ትምህርቱ ውጤት በገብሱ ዛላ ላይ ይታያል።