ስለ ስንደዶና ስለ ዘመዶቹ የጌጥ ሣሮች
(በሬድዮ ከተሰማው ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ጉዳይ ሣር ነው። «ሣር ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችን ግቢ ለማሳመሪያ ገንዘብ ሲወጣ፣ ስለሚተከለው ነገር ጥቂት ማወቅ የሚጎዳ አይሆንም።

በውጭ አገር ያሉ አትክልተኞች «የፏፏቴ ሣር» የሚሉት አንድ ወገን አለ። ስሙን ያገኘው ቅጠሉ ከመካከሉ ወደ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ጎንበስ ስለሚልና በላዩም እንደ ላባ የለሰለሰ ዘለላ ስለሚያወጣ፣ ሲያዩት ተረጭቶ የሚወርድ ውሃ ስለሚመስል ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ወገኑን ፔኒሴቱም ብለውታል፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ «ላባና ጭገር» እንደ ማለት ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙዎቹ ሴንክሩስ ከሚባለው ወገን ጋር አዋሕደውታል፤ ስሙ ቢለወጥም ሣሩ ያው ሣር ነው።

የሚያስደንቀው ግን በአውሮፓና በአሜሪካ የችግኝ መደብሮች በገንዘብ ሲሸጡ ከቆዩት ከእነዚህ ሣሮች መካከል ሁለቱ በእኛው ምድር ሳይዘሩ የሚበቅሉ መሆናቸው ነው። አንደኛው ዘለላው ነጭ ሆኖ እንደ ጥጥ የሚለሰልሰው ቪሎሱም የተባለው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በሶማሊያና በየመን ይገኛል። ሁለተኛው ሴታሴዩም ይባላል፤ ዘለላው ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ድንጋያማ ቁልቁለትና ድርቅ አያስፈራውም። ቡልቱግና የዝሆን ሣር፣ እንዲሁም በከተማ ግቢ የሚነጠፈው የኪኩዩ ሣር የዚሁ ወገን ናቸው።

ሌላውን ዘመድ ግን ማስተዋወቅ የሚያሻ አይመስለንም፤ እርሱም ስንደዶ ነው። ሊቃውንቱ ሺምፔሪ የሚል ስም ሰጥተውት ነበር፤ ይኸውም በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ በትግራይና በስሜን ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖሮ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ላረፈው ለጀርመናዊው ለዊልሄልም ሺምፐር መታሰቢያ ነው። ለሣሩ ግን እናቶቻችን ያወጡለት ስም ይበቃዋል።

በዋግ ደጋ፣ በደሃናና በሰቆጣ ዙሪያ፣ እንደ ሌላውም የሰሜን ደጋ ሁሉ ስንደዶ ጌጥ ከመሆኑ በፊት ዕቃ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዘለላው ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ልጃገረዶች ዘንጉን ከአንጓው እየመዘዙ በእስር በእስር ያደርጉታል። ከደረቀ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ከፊሉም በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ከአክርማም ጋር በወስፌ እየተሰፋ ሰፌዱ፣ ሙዳዩና መሶቡ ይወጣል። (አክርማ ራሱ የዳጉሳ የቅርብ ዘመድ ነው።) አንድ መሶብ ለመጨረስ ስንት ምሽት እንደሚፈጅ፣ እናቱ ስትሰፋ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የስንደዶ መኖሪያ የእርሻ ወሰን፣ የመንገድ ዳርና የተራራ ወገብ ነው። መሬት በጠበበ ቁጥር ወሰኑ ይታረሳል፤ የተረፈውንም ከብት ዘንግ ሳያወጣ ይግጠዋል። ዘንግ ያላወጣ ስንደዶ ደግሞ ለስፌት አይሆንም። ከዚህም የተነሣ ሰፊዋ ሴት ሩቅ መሄድ ወይም ከገበያ መግዛት ይኖርባታል፤ የመሶቡም ዋጋ ሲወደድ ገዢው ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል። በአንጻሩ በዋግ ኽምራ ተራሮች ከከብት ንክኪ ተከልለው የቆዩ ቦታዎች ሣር ይመለስላቸዋል፤ ገበሬውም ሣሩን አጭዶ ተሸክሞ ለከብቱ ያቀርባል። አፈሩን አቅፎ የሚይዘው የሣሩ ሥር ስለ ሆነ፣ ጥቅሙ ከስፌትም ያልፋል።

ስለ ሴታሴዩም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ለጌጥ ተብሎ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ከተወሰደ በኋላ ከግቢ አምልጦ የእሳተ ገሞራ ሜዳዎችን ወረረ፤ ሲደርቅም ለሰደድ እሳት መቀጣጠያ ሆነ። ዘሩን ነፋስ፣ እንስሳና ተሽከርካሪ ይዘውት ስለሚሄዱ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2017 እ.ኤ.አ. ከሚከለከሉ ወራሪ ዕፀዋት መዝገብ አገባው። ስለዚህ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን «የአገሬ ሣር ነው» በማለት ዘሩን በሻንጣ ይዘው እንዳይሄዱ አደራ እንላለን። ቅጠሉ ቀይ የሆነው የአትክልተኞች ዓይነት ግን የሚበቅል ዘር ብዙም ስለማይሰጥ ሥጋቱ ያነሰ ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ስንደዶ ለመትከል የሚፈልግ ሰው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ አንድ ትልቅ የስንደዶ ጉቶ ከነሥሩ ያውጣ፤ ሁሉንም ግን አይንቀል። በስለታም መቆፈሪያ ሦስት አራት ቦታ ከፍሎ፣ ፀሐይ በሚያገኝበትና ውሃ በማይተኛበት ስፍራ፣ አንዱን ከሌላው ሁለት ክንድ ያህል አራርቆ ይትከለው። ፍግ ማብዛት ቅጠሉን ያሰባዋል እንጂ ዘለላውን አያሳምረውም። ሥር እስኪሰድ ዝናብ ሲጠፋ ውሃ ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ድካም አይጠይቅም። በመስከረም ዘንጉ ሲወጣ አትክልተኛው በማጭድ እንዳያጠፋው ይነገረው፤ በአካባቢው ስፌት የሚሰፉ ሴቶች ካሉም ገብተው ይምዘዙት፤ ጉቶው በዚህ አይጎዳም። የደረቀው ቅጠል በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ተትቶ ይታጨድ።