ዩሪያ ምኑን ያፈጥናል?

"አይ አክሰለሬትድ ቱ ስኩል ቢኮዝ አይ ዎዝ ሌት።" እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ደብተር አይጠፋም። ልጁ ስለረፈደበት ወደ ትምህርት ቤት ፈጥኖ መሄዱን ሊነግረኝ ነው። ፊደሉን አልሳተም፤ ብዙዎች የሚያምታቱትን ሁለት "ሲ" እና አንድ "ኤል" በየቦታቸው አስቀምጧል። ኃላፊ ጊዜውም ልክ ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ቢያነበው ልጁ ሞተር የተገጠመለት ይመስለዋል።

ሰው ሲቸኩል "ሀሪ" ይባላል፤ ሲጣደፍ "ራሽ"። "አክሰለሬት" የሚስማማው ለመኪና፣ ለሯጭ፣ ለሥራ፣ ለዕድገት ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከላቲን የተወሰደ ቃል ነውና ዛሬም የመጽሐፍና የሪፖርት ጠረን አለው። መንገድ ላይና ቤት ውስጥ ሥራውን የሚሠራለት "ስፒድ አፕ" ነው። ተማሪዎቼን ግን አልወቅስም። ከመዝገበ ቃላት ያገኙት "ፈጠነ፣ አፋጠነ" የሚል ፍቺ ብቻ ሲሆን የኛ "ፈጠነ" ደግሞ ማንንም አይመልስም። ሰውም በቅሎም ይፈጥናል፤ የግድግዳ ሰዓትም የልብ ምትም ይፈጥናል።

ዋናው ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኛ "እርምጃው ፈጠነ" ስንል በራሱ የሆነ ነገር ነው፤ "እርምጃውን አፈጠነ" ስንል ግን አድራጊ አለ። ልዩነቱን የምትናገረው ከፊት የተጨመረችው "አ" ናት። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ምልክት አይሰጥም። "ዘ ባጃጅ አክሰለሬትድ" ቢሉም፣ "ዘ ድራይቨር አክሰለሬትድ ዘ ባጃጅ" ቢሉም ግሱ ያው ነው። ማን ምንን እንዳፈጠነ የሚታወቀው ከቃላቱ ተራ ነው። ያቺን "አ" ፈልጎ ያጣ ተማሪ አንዳንዴ "ሜድ" የሚለውን ያስገባል፤ ይህ ቢረዝምም አያስከፋም። አንዳንዴ ደግሞ "ዎዝ" ይጨምርና "ዘ ባጃጅ ዎዝ አክሰለሬትድ" ይላል። ይሄኛው ያሳስበኛል፤ ባጃጁ በራሱ ፈጠነ ለማለት ፈልጎ ሌላ አካል እንዳፈጠነው ተናግሮ ቁጭ ይላል።

የመማሪያ መጻሕፍት ምሳሌዎች እዚህ ላይ ብዙም አይረዱኝም። የውድድር መኪናና የባቡር ወሬ ነው። እኔ የማስተምርበት የፎገራ ሜዳ ልጅ ባቡር የሚያውቀው በሥዕል ነው፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ልክ ይሁን ስህተት በራሱ ዕውቀት ሊፈርድ አይችልም። ሩዝ ላይ ግን ከኔ ይበልጣል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያመጡት ሰብል ዛሬ የርብና የጉማራ ወንዞች ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ሸፍኖታል፤ ለረጅም ጊዜ ዋና የነበረው ዝርያ እንኳ "ኤክስ-ጅግና" የተባለው እዚሁ በጅግና ቀበሌ ስም ነው። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም ያለው እዚሁ እኛ ዘንድ ነው።

እናም አንድ ቀን በዚህ ግስ ስለ ሩዝ ጻፉ አልኳቸው። አንዱ ተነስቶ "ዩሪያ አክሰለሬትስ ዘ ራይስ" ብሎ አነበበ። በሰዋስው ካየነው እንከን የለበትም፤ ባለቤት አለው፣ ግስ አለው፣ ተሳቢ አለው። ላልፈው ስል ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ዩሪያ የበዛበት ማሳ እኮ ይዘገያል።"

"እንዴት ይዘገያል? አረንጓዴ ሆኖ ቶሎ ያድግ የለም እንዴ?" አላት ጸሐፊው።

"የሚፈጥነውማ ቅጠሉ ነው። ፍሬው አይደርስም።"

ልጅቷ ልክ ነበረች። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ቅጠልና አገዳ ማብዛቱን ይቀጥላል፤ ዘለላ ማውጣቱና መድረሱ ይጓተታል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ሜዳ መጓተት ቀልድ አይደለም። ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ሩዙ ፍሬ ሳይሞላ እርጥበት ያጥረዋል፤ አበባው ላይ እያለ የሌሊቱ ብርድ ከደረሰበት ደግሞ ዘለላው ባዶ ቅርፊት ይሆናል። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። የገበሬ ልጆች ይህን ከአባቶቻቸው አፍ ሰምተው ያደጉ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሰዋስው ሥራው ቀለለኝ። ዓረፍተ ነገሩን ሰሌዳው ላይ ለሁለት ከፈልነው። "ዩሪያ አክሰለሬትስ ሊፍ ግሮውዝ" የሚለው አንዱ ነው፤ የቅጠሉን ዕድገት ያፈጥናል። "ቱ መች ዩሪያ ዲሌይስ ማቹሪቲ" የሚለው ሌላው ነው፤ ሲበዛ መድረሱን ያዘገያል። "አክሰለሬት" ተሳቢ ሲይዝ ብዙውን ጊዜ ዕቃውን ወይም ተክሉን ሳይሆን የዚያን ነገር ሂደት ይፈልጋል። ሩዝ አይፋጠንም፤ የሩዝ ዕድገት፣ የሩዝ ምርት፣ የሩዝ መድረቅ ነው የሚፋጠነው። እኔ ደንቡን ስደጋግም ከምውል የልጅቷ ተቃውሞ ብዙ አስተማራቸው፤ በሚቀጥለው የቤት ሥራ "ዘ ራይስ" ብቻውን ተሳቢ ሆኖ የመጣው ጥቂት ደብተር ላይ ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሌላ ጣጣ አለ። የፊዚክስ መምህሩ ፍሬን የያዘም፣ በኩርባ የዞረም መኪና "አክሰለሬሽን" አለው ብሎ ያስተምራል፤ በሱ ትምህርት የፍጥነት መጠን ወይም አቅጣጫ ከተለወጠ በቂ ነው። ከሱ ክፍለ ጊዜ በቀጥታ ወደኔ የመጣ ተማሪ "ዘ ባስ አክሰለሬትድ ኤንድ ስቶፕድ" ብሎ ጽፎ ሲሟገተኝ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ላብራቶሪ ውስጥ እሱ ልክ ነው፣ አውቶቡስ ተራ ላይ እኔ ልክ ነኝ። ሁለታችንንም መስማት አለበት።

ተገብሮውን ሳስተምር ደግሞ "አክሰለሬትድ" የሚለው ቅጽል ሆኖ የሚያገለግልበትን አሳያለሁ። ትምህርት ያመለጣቸው ልጆች የሚማሩበት "የተፋጠነ ትምህርት" ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአገራችን የተስፋፋው "ስፒድ ስኩል" የተባለው ፕሮግራም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በ10 ወር ያስጨርሳል። እዚህ ላይ "ዎዝ" ቢገባ ማንም አይቆጣም፤ ትምህርቱን ያፋጠነ አካል አለና።

"ስፒድ አፕ"ን የማስተምረው በመንገዱ ነው። ወረታ የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ላይ ተቀምጣ፣ ቻይናዎች የሠሩት የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድም ከዚሁ የሚገነጠልባት ከተማ ናት፤ ስለ መኪና ፍጥነት አስተያየት የሌለው ተማሪ የለኝም። "ዘ ፖሊስ ስቶፕድ ዘ ድራይቨር ቢኮዝ ሂ ዎዝ ስፒዲንግ አፕ" ብለው ይጽፋሉ። ከሃያ ወደ ሠላሳ ማሳደግ ያስከስሳል ወይ? ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። አያስከስስም። ሹፌሩን ያስያዘው ከተፈቀደው በላይ መብረሩ ነው፤ ለዚያ "ስፒዲንግ" ብቻውን ይበቃል፣ "አፕ" ይወጣል።

"እንግዲያው የኛ ሚኒባሶች 'አፕ' የላቸውም ማለት ነዋ!" አለ በየቀኑ ከአለም በር ከተማ የሚመላለሰው ተማሪ። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።