የዳግማዊ ምኒልክ ፖስታ፦ የሚባለውና የሆነው

የኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት የተመሠረተው ከዓድዋ ድል በኋላ፣ የአውሮፓ መንግሥታት የአገሪቱን ነፃነት በይፋ ከተቀበሉ ወዲያ ነው የሚለው አባባል፣ ለዘመናዊ ተቋማት ሁሉ በር የከፈተው ድሉ ነው ከሚለው አጠቃላይ ግንዛቤ የመነጨ ይመስላል። የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን ይህን አይደግፍም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙበት አዋጅ የወጣው መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በመሆኑ አዋጁ ጦርነቱን በሁለት ዓመት ገደማ ይቀድማል። ጊዜው ንጉሠ ነገሥቱ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ካሳወቁ አንድ ዓመት ያህል ያለፈበት፣ ኢጣሊያም የውሉን 17ኛ አንቀጽ መሠረት አድርጋ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትገናኘው በእርሷ በኩል እንደሆነ ትከራከር የነበረበት ነው። በእንዲህ ያለ ወቅት የንጉሥን መልክና የአገርን ፊደል የያዘ ቴምብር ማሳተም የኢጣሊያን አባባል በተግባር የሚያስተባብል እርምጃ ስለነበር፣ ፖስታን ከድሉ ፍሬዎች መካከል ከመቁጠር ይልቅ ድሉን ከቀደሙት የሉዓላዊነት መግለጫዎች ጋር መመደቡ የተሻለ ይሆናል።

ከአዋጁ በፊት በአገሪቱ ደብዳቤ አይላክም ነበር ማለትም ስሕተት ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ በእግር ፈጥነው የሚሄዱ መልእክተኞች ነበሯቸው፤ ደብዳቤውም ጫፉ በተሰነጠቀ በትር ተይዞ ይጓዝ ነበር። አዲሱ ነገር የደብዳቤው መጓዝ ሳይሆን የአጓጓዙ ሥርዓት ነው፤ ፖስታ ማለት ዋጋው አስቀድሞ የተወሰነ፣ ክፍያውም በቴምብር (ላኪው ገዝቶ በደብዳቤው ላይ በሚለጥፈው የክፍያ ማረጋገጫ) የሚፈጸም፣ መልእክተኛ ለሌለው ሰው ጭምር ክፍት የሆነ የመንግሥት አገልግሎት ነውና።

ፖስታን ያመጣው ባቡር ነው የሚለው እምነት መነሻ አለው። በስዊሳዊው መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግና በፈረንሳዊው በሌዮን ሼፍኖ በኩል የተገኘው የባቡር መንገድ ፈቃድ የተሰጠው አዋጁ በወጣበት በዚያው ቀን ስለሆነ፣ ሁለቱ ጉዳዮች በሰው ትዝታ አንድ ሆነው ቢቀሩ አያስገርምም። ሆኖም ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ፖስታው በዋና ከተማው በኩል ከሃያ ዓመት በላይ የኖረው በእግረኛና በበቅሎ ነው። ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ መስመርም ቢሆን ሥራው ያለቀው ከዓድዋ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ ማብራሪያ የሚሻው ግን የምኒልክ ቴምብር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብዳቤን እስከ አውሮፓ ያደርስ ነበር የሚለው ግምት ነው። ፓሪስ ውስጥ የታተሙትና የቅርጽ ሥራቸውን ፈረንሳዊው ኧዤን ሙሾን የሠራላቸው የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ሲሆኑ፣ የሩብ፣ የግማሽ፣ የአንድና የሁለት ግርሹ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሹ ደግሞ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል፤ በዚያን ጊዜ ስሌት 16 ግርሽ አንድ ብር ስለሚሞላ ትልቁ ቴምብር የአንድ ጠገራ ብር ዋጋ ነበረው። ጽሑፋቸው በግዕዝ ፊደል ብቻ መሆኑ ሲያዩአቸው ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ቴምብር ከአገር ውጭ የሚሠራው ሌላው መንግሥት ሲቀበለው ነው፤ ይህን የጋራ ቅብብል የሚመራው በ1867 ዓ.ም. በስዊስ ከተማ በበርን የተመሠረተው፣ በኋላም ዓለም አቀፍ የፖስታ ኅብረት የተባለው ማኅበር ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በጊዜው አባል አልነበረችም። ስለዚህ ከእንጦጦ ወይም ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ የኢትዮጵያ ቴምብር ተለጥፎበት ከወጣ በኋላ፣ ጅቡቲ ላይ ለቀሪው መንገድ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር፤ የሁለት መንግሥታት ቴምብሮች በአንድ ፖስታ ላይ ተለጥፈው የሚሄዱበት ይህ አሠራር ለቴምብር ሰብሳቢዎች ሲሳይ ቢሆንም ለላኪው እጥፍ ወጪ ነበር። ፈረንሳይም በአገሪቱ ውስጥ የራሷን ፖስታ ቤቶች ከፍታ ታሠራ ነበር። ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል የሆነችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ሲሆን፣ የፈረንሳይ ፖስታ ቤቶች መዘጋትም ይህንኑ ተከትሎ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት የወጡት አዲስ ቴምብሮች ከአማርኛው ጎን በፈረንሳይኛ «የኢትዮጵያ ፖስታ» የሚል ጽሑፍ መያዛቸው፣ ቴምብሩ ከዚያ ወዲያ የውጭ አገር ሠራተኛም የሚያነበው ሰነድ መሆኑን ያሳያል። እንግዲህ ኢትዮጵያ የተሟላ ፖስታ ያገኘችው መቼ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ 1886 ዓ.ም. የሚለው መልስ ለአገር ውስጡ ሲሠራ፣ ለውጭው ግን 14 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይጎድለዋል።

አገልግሎቱ ያለማቋረጥ ቆይቷል የሚባለውም ትክክል አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመን በአገሪቱ ይሠራባቸው የነበሩት የኢጣሊያ መንግሥት ቴምብሮች ሲሆኑ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መልክ የያዙት አዳዲስ ቴምብሮች የወጡት በ1934 ዓ.ም. ነው።

በመጨረሻም፣ በአያት ሣጥን ውስጥ የተገኘ የምኒልክ ቴምብር ባለቤቱን ያበለጽጋል የሚለው ተስፋ አለ። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ ወደ ሰብሳቢዎች እጅ በመግባታቸው፣ ያልተሠራባቸው ቴምብሮች ዛሬም በገበያው ላይ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ዋጋቸውም ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። ብርቅ የሚባለው በእርግጥ ተጉዞ የደረሰ፣ የተነሣበትን ፖስታ ቤት ስምና ቀን የሚያሳይ የፖስታ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። እርሱም ቢሆን የዚያን ዘመን ማኅተም እየቀረጹ በአዲስ ቴምብር ላይ የሚመቱ አታላዮች ስለነበሩ በባለሙያ ሳይመረመር አይገዛም።