የኮከብ ናዳ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1181 የቻይናና የጃፓን ኮከብ ቆጣሪዎች አንድ እንግዳ ኮከብ መዘገቡ። ለ185 ቀናት ያህል በዓይን ሲታይ ቆይቶ ጠፋ። በርካታ የታሪክ መጻሕፍት ቅዱስ ላሊበላ ነገሠ የሚሉትም በዚሁ በ1181 ግድም ነው። ኮከቡ የበራበት የሰሜን ሰማይ ከላስታ ይታያል፤ የክረምቱ ደመና መስከረም ላይ ሲገፈፍ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያደረ እረኛ እኩለ ሌሊት አካባቢ ቀና ቢል ሊያየው ይችል ነበር።

እንዲህ ያለ ድንገተኛ ብርሃን የኮከብ ሞት ነው። ከሞቶቹ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ በናዳ የሚመጣው ነው።

ኮከብን የገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ እምብርቱ ላይ የሚነደው እሳት ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከፀሐይ 8 እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብድ ኮከብ መጀመሪያ ሃይድሮጅን ያነዳል። ከዚያ የአንዱ አመድ ለሌላው ማገዶ እየሆነ በሂሊየም፣ በካርበንና በኦክስጅን አልፎ ሲሊከን ላይ ይደርሳል። የሲሊከን አመድ ብረት ነው። ብረት ግን አይነድም፤ ቢዋሃድም ሙቀት ይወስዳል እንጂ አይሰጥም።

ብረቱ ተከማችቶ ክብደቱ የፀሐይን 1.4 እጥፍ ገደማ ሲደርስ ደጋፊ ያጣና ይናዳል። ምድርን የሚያህለው እምብርት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይወድቃል። ኤሌክትሮኖች ከፕሮቶኖች ጋር ተጨፍልቀው ኒውትሮን ይሆናሉ። የሚቀረው ኒውትሮን ኮከብ ዳር እስከ ዳር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከላሊበላ ከተማ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ካለው መንገድ አይበልጥም። ኒውትሮን ኮከብ ሲናድ ፍንዳታ ይፈጠራል ሲባል እሰማለሁ፤ ኒውትሮን ኮከብ ግን ራሱ የናዳው ልጅ ነው።

ታዲያ ወደ ውስጥ የወደቀ ነገር እንዴት ወደ ውጭ ይፈነዳል? መሃሉ ከዚህ በላይ አልጨመቅም ሲል፣ በላዩ የሚወርደው ነጥሮ ማዕበል ሆኖ ይመለሳል። ይህ ማዕበል መንገድ ላይ ይደክማል፤ የሚያግዙት ኒውትሪኖዎች ናቸው። የናዳውን ጉልበት 99 በመቶ ያህል ይዘው የሚሄዱ፣ እምብዛም የሚያግዳቸው የሌለ ቅንጣቶች ናቸው። ከያዙት ጥቂቱ እዚያው ቢቀር የኮከቡን ልባስ አሽቀንጥሮ ለመጣል ይበቃል። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1987 በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ከመሬት በታች የተተከሉ መሣሪያዎች ከአንድ የሩቅ ኮከብ ናዳ 25 ያህል ኒውትሪኖዎችን ያዙ። ብርሃኑ የታየው ከሰዓታት በኋላ ነው።

የ1181ዱ ኮከብ ግን የናዳ አልነበረም፤ ተመራማሪዎች ነጭ ድንክ የሚባሉ የሁለት የከሰሙ ኮከቦች ውህደት እንደነበር ያምናሉ። የናዳው ከእርሱ 127 ዓመት ቀድሞ፣ በ1054 ታይቷል። ክራብ ኔቡላ በሚባለው የጋዝ ደመና መሃል ያለው ቅሪቱ ዛሬም በሰከንድ 30 ጊዜ ይሽከረከራል።

የላሊበላው የቤተ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ቅላቱ የብረት ዝገት ነው። ያ ብረት ፀሐይ ከመወለዷ በፊት ከፈነዱ ኮከቦች የመጣ ነው፤ ከፊሉ በናዳ ከሞቱት። ሆኖም ያ ብረት የተናደው እምብርት ብረት አይደለም፤ እርሱ ኒውትሮን ሆኖ እዚያው ቀርቷል። በፍንዳታው ማዕበል ውስጥ ኒኬል ሆኖ ተሠርቶ፣ በወራት ውስጥ ወደ ብረት የተለወጠው ነው።