የትራክተር ባትሪ ሲሞት፦ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት የሚደረግ ምርመራና ትክክለኛ አቀያየር

መግቢያ

ትራክተር በእርሻ ወቅት ሠርቶ ከዚያ በኋላ ለወራት ይቆማል። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ለእርሻ ሲደርስ ቁልፉን ቢያዞሩትና ሞተሩ ዝም ቢል፣ የሚባክነው አንድ ቀን ብቻ አይደለም። የማሳው እርጥበት ያልፋል፤ በኪራይ ተራ የሚጠብቁ ጎረቤቶችም ይዘገያሉ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ተቻኩሎ ከተማ ይወርድና አዲስ ባትሪ ይገዛል። ይሁን እንጂ በሬ ሲደክም መኖውንና ጤንነቱን ሳያዩ ሌላ በሬ እንደማይገዛ ሁሉ፣ ባትሪም የደከመበት ምክንያት ሳይታወቅ አይለወጥም። ባትሪውን የሚመግበው ዲናሞ ካልሠራ አዲሱም ባትሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ጥፋቱ የባትሪው፣ የገመዱ ወይስ የዲናሞው መሆኑን በራስዎ እንዲለዩና መቀየር ካስፈለገ በጥንቃቄ እንዲቀይሩ ይረዳዎታል። የተጠቀሱት ቁጥሮች ለባለ 12 ቮልት ባትሪ ናቸው።

1. ቅድመ ጥንቃቄ

• የባትሪ አሲድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ። ከነካዎት ወዲያውኑ በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠቡ፤ ዓይን ከነካ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም ይሂዱ።
• ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። በአጠገቡ ሲጋራ፣ ክብሪትና ኩራዝ አይኑር።
• ቀለበትና የብረት ሰንሰለት ያለበትን ሰዓት ያውልቁ። ሞተሩን ያጥፉ፤ ፍሬኑን ይያዙ።

2. ምልክቶቹን መለየት

• መብራቱ ጨርሶ ካልበራ፦ ባትሪው ባዶ ሆኗል፣ ወይም ገመዱ ተላቋል፣ ወይም ፊውዝ ተቃጥሏል።
• መብራቱ ከደበዘዘና ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው በዝግታ ካዞረ ወይም «ቀጭ ቀጭ» ብቻ ካለ፦ ባትሪው ደክሟል ወይም ገመዱ ላልቷል።
• መብራቱ ደምቆ እየበራ ሞተሪኖው ካልዞረ፦ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን ይዩ፤ ፍሪሲዮን ረግጠው እንደገና ይሞክሩ። ብዙ ትራክተሮች ማርሽ ውስጥ እያሉ እንዳይነሱ መከላከያ አላቸው። ያም ካልሆነ ሞተሪኖው በባለሙያ ይታይ።
• ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልተነሳ፦ ችግሩ የባትሪ አይደለም። የነዳጅ መኖርንና የነዳጅ ማጣሪያን ይፈትሹ።

3. ምርመራ በቅደም ተከተል

ሀ. የገመድ ማሰሪያዎች። በባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ ወይም ማሰሪያው በእጅ ሲነቀነቅ ከተንቀሳቀሰ፣ ጥፋቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ገመዶቹን በክፍል 4 በተገለጸው ቅደም ተከተል ያላቁ፤ ጫፎቹን ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ በብሩሽ ያጽዱ፤ ካደረቁ በኋላ አጥብቀው ይሰሩ። ሶዳው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ የተዘጉ ይሁኑ። ገመዱ ከትራክተሩ አካል ጋር የታሰረበትን ቦታም አይርሱ።

ለ. የባትሪው ውሃ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ውሃው የውስጥ ሰሌዳዎቹን መሸፈን አለበት። ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨምሩ። የወንዝ፣ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ አይጨምሩ፤ አሲድም አይጨምሩ።

ሐ. በቴስተር መለካት። ሞተሩ ካረፈ ከብዙ ሰዓት በኋላ ይለኩ።
• 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ፦ ሙሉ ነው።
• 12.2 ቮልት አካባቢ፦ ግማሽ ያህል ቀርቶታል።
• ከ12 ቮልት በታች፦ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል።

ባዶ መሆን ግን መሞት አይደለም። ባትሪውን ቀስ ባለ ኃይል ቻርጅ ያስደርጉ፤ ለምሳሌ ለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ10 አምፔር አይበልጥ። ከዚያ አሳድረው ይለኩት። 12.6 ቮልት ከያዘ ገና ይሠራል። ወደ 10.5 ቮልት ከወረደ ከስድስቱ ክፍሎቹ አንዱ ሞቷል፤ መቀየር አለበት። ሙሉ እያለ ሞተሩ ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደም ደክሟል።

መ. ዲናሞው። ሞተሩ ተነስቶ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ መነበብ አለበት። ቁጥሩ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከነበረው ካልጨመረ፣ ሞተሩን አጥፍተው የዲናሞው ቺንጋ መላላቱን ወይም መበጠሱን ይዩ፤ ቺንጋው ደህና ከሆነ ዲናሞው ይጠገን። ከ15 ቮልት ካለፈ ባትሪውን አፍልቶ ይገድለዋል። ይህ ሳይስተካከል አዲስ ባትሪ አይግጠሙ።

4. አቀያየር

1ኛ. የአሮጌውን ባትሪ ቮልት፣ አምፔር ሰዓት፣ መጠንና የጫፎቹን አቀማመጥ ጽፈው ይያዙ፤ ተመሳሳዩን ይግዙ።
2ኛ. መጀመሪያ ከትራክተሩ አካል ጋር የታሰረውን ገመድ ይፍቱ፤ በአብዛኞቹ ትራክተሮች ይህ ኔጌቲቭ (−) ነው። ቀጥሎ ፖዘቲቩን (+) ይፍቱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መፍቻው የትራክተሩን ብረት ሲነካ ኃይለኛ ብልጭታ ይፈጠራል።
3ኛ. ባትሪው ከባድ ስለሆነ ሳያጋድሉ ያውጡት፤ ማስቀመጫውን ያጽዱ።
4ኛ. አዲሱን አስገብተው በማሰሪያው ያጥብቁት። ያልታሰረ ባትሪ በማሳ ንቅናቄ ውስጡ ይረግፋል።
5ኛ. ሲገጥሙ መጀመሪያ ፖዘቲቩን፣ በመጨረሻ ከአካሉ ጋር የሚታሰረውን ይሰሩ። ገመዶቹ ከተቀያየሩ ዲናሞው ይቃጠላል። ጫፎቹን ግራሶ ይቀቡ።

5. ከዚያ በኋላ

ትራክተሩ ለወራት የሚቆም ከሆነ ከአካሉ ጋር የታሰረውን ገመድ ያላቁ፤ ባትሪውንም በየወሩ ቻርጅ ያስደርጉ። ባዶውን የከረመ ባትሪ ሰሌዳው በጠነከረ ሰልፌት ይሸፈንና በደንብ መልሶ ላይሞላ ይችላል።

አሮጌውን ባትሪ ቤት ውስጥ አይክፈቱ፤ አሲዱንም በማሳ ወይም በወንዝ አይድፉ። በውስጡ ያለው እርሳስ በተለይ ሕጻናትን ይመርዛል። ለባትሪ ሻጭ ወይም ሰብሳቢ ያስረክቡ።

አዲሱ የተገጠመበትን ቀን በባትሪው ላይ ይጻፉ። የዘር ወቅት ከመድረሱ ከሁለት ሳምንት በፊት ይህን ምርመራ ያድርጉ፤ ትራክተር ላላቸው ጎረቤቶችዎም በተግባር ያሳዩ።