ተተኪዎቹ፦ የኮሌጅ ፉትቦል ቡድን ነባር ተከላካዮቹን እንዴት ይተካል?

የአሜሪካ ፉትቦል እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾችን በሚያሰልፉ ሁለት ቡድኖች መካከል የሚካሄድ ጨዋታ ሲሆን፣ ከእግር ኳስ በእጅጉ የሚለየው የማጥቃትና የመከላከል ሥራ ለየብቻ ለተዘጋጁ የተጫዋቾች ክፍሎች የተሰጠ በመሆኑ ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን የማጥቂያ ክፍሉን ወደ ሜዳ ሲያስገባ ተጋጣሚው የመከላከያ ክፍሉን ያስገባል፤ አጥቂው በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት ካልቻለ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። በዚህ የተነሳ መከላከያው የራሱ አሠልጣኞች፣ የራሱ ስልትና የራሱ የመግባቢያ ምልክቶች ያሉት፣ በቡድን ውስጥ ራሱን የቻለ ሌላ ቡድን ሆኖ ይሠራል።

በዩኒቨርሲቲዎች መካከል በሚደረገው ውድድር ግን ይህ ክፍል በተመሳሳይ ሰዎች ለረጅም ጊዜ አይቆይም። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ስለሆኑ፣ ለዓመታት ሲሠራበት በኖረው ደንብ መሠረት አንድ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ መጫወት የሚችለው አራት የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የፕሮፌሽናሎቹ መድረክ የሆነው ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ ሁለተኛ ደረጃን ካጠናቀቁ ሦስት ዓመት የሞላቸውን ተጫዋቾች ድራፍት በሚባለው ዓመታዊ ምርጫ ለክለቦች ያከፋፍላል። ስለዚህ ቡድኑ ጎበዝ ተከላካዮችን ባፈራ መጠን በቶሎ የሚያጣቸውም ይበዛሉ፤ ነባሮችን መተካትም ድንገተኛ ችግር ሳይሆን በየዓመቱ የሚመለስ መደበኛ ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ ግልጽ ማሳያ የሚሆነው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1785 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከአትላንታ በስተምሥራቅ በምትገኘው የአቴንስ ከተማ ሲሆን፣ ቡድኑን ከ2016 የውድድር ዘመን ጀምሮ የሚመሩት፣ በተማሪነታቸው ለዚሁ ቡድን በተከላካይነት የተጫወቱት ከርቢ ስማርት ናቸው። በ2021 የውድድር ዘመን ብዙ ቡድኖች በአንድ ጨዋታ ከ25 ነጥብ በላይ ሲያስቆጥሩ፣ የጆርጂያ መከላከያ ባደረጋቸው 15 ጨዋታዎች ያስተናገደው በአማካይ 10.2 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ቡድኑም ጥር 10 ቀን 2022 አላባማን 33 ለ18 አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከሦስት ወር በኋላ በተካሄደው ድራፍት ከዚሁ መከላከያ ስምንት ተጫዋቾች ተመረጡ። ከእነርሱም ትራቮን ዎከር በአንደኛነት ተጠርቶ ወደ ጃክሰንቪል ክለብ ሲሄድ፣ ጆርዳን ዴቪስ፣ ክዌ ዎከር፣ ዴቮንቴ ዋያት እና ሉዊስ ሲን በዚያው የመጀመሪያ ዙር ተወሰዱ፤ ከአንድ ቡድን መከላከያ አምስት ሰዎች በአንድ የመጀመሪያ ዙር ሲመረጡም ያ የመጀመሪያው ነበር። የመከላከያው ዋና አሠልጣኝ ዳን ላኒንግም የኦሪገን ዩኒቨርሲቲን ቡድን ለመምራት ተሰናበቱ።

የጉድለቱ ዓይነት ግን እንደ ተጫዋቾቹ ቦታ ይለያያል። መከላከያው በሦስት እርከን የሚቆም ሲሆን፣ የመጀመሪያው ከተጋጣሚ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጠመው የግንባር መስመር ነው። ቁመቱ 198 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 155 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረው ዴቪስ ዋና ሥራው ሁለት ተጋጣሚዎችን በራሱ ላይ ጠምዶ ከኋላው ያሉትን ነፃ ማድረግ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ጉልበት ለማዳበር የሁለትና የሦስት ዓመት የክብደት ልምምድና ክትትል የሚደረግበት አመጋገብ ስለሚያስፈልግ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣ ወጣት በመጀመሪያ ዓመቱ በዚህ ቦታ መጽናቱ ብርቅ ነው።

ሁለተኛው እርከን ከግንባሩ ጀርባ የሚቆሙት ላይንባከሮች ሲሆን፣ እዚህ የሚጎድለው ከጉልበት ይልቅ እውቀት ነው። ከእነርሱ አንዱ የአሠልጣኞቹን ትእዛዝ ተቀብሎ ለጓደኞቹ ያስተላልፋል፤ ተጋጣሚው በመጨረሻዋ ሰከንድ አሰላለፉን ሲቀይርም የመከላከያውን አቋቋም እዚያው ያስተካክላል። በኮሌጅ ውድድር አሠልጣኝ በራስ ቁር ውስጥ በተገጠመ ሬዲዮ ከአንድ ተጫዋች ጋር እንዲነጋገር የተፈቀደው በ2024 በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ ሥራው ሁሉ በዓይን፣ በእጅና በድምፅ የሚከናወን ነበር። በ2021 ለአገሪቱ ምርጥ ላይንባከር የሚሰጠውን የበትከስ ሽልማት ያገኘው ናኮቤ ዲን ከክዌ ዎከርና ከቻኒንግ ቲንዳል ጋር አብሮ ሲሄድ፣ ቡድኑ ያጣው ሦስት ፈጣን ሯጮችን ብቻ ሳይሆን የመከላከያውን አንደበትም ነበር።

ሦስተኛው እርከን ረጅም ኳሶችን የሚጠብቁት የኋላ ተከላካዮች ናቸው። በዚህ ቦታ ፍጥነት የልምድን ጉድለት በከፊል ሊሸፍን ስለሚችል አዲስ ተማሪ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሰለፈው እዚህ ነው፤ ሆኖም ከበስተጀርባው ሌላ ሰው ስለሌለ አንድ የተሳሳተ እርምጃ በቀጥታ ነጥብ ያስቆጥራል።

እነዚህን ክፍተቶች የሚሞላው ዝግጅት የሚጀመረው ነባሮቹ ከመሄዳቸው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አሠልጣኞች ለየቦታው ቋሚውን፣ ተጠባባቂውንና ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን የሚያሳይ የደረጃ ሰንጠረዥ ይይዛሉ፤ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጡትም የዛሬውን ጉድለት ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ የሚለቀቀውን ቦታ አስበው ነው። በ2018 የወጣው ደንብ አንድ ተማሪ እስከ አራት ጨዋታ ቢሰለፍም ዓመቱ እንዳይቆጠርበት መፍቀዱ ለልምምዱ ተጨማሪ በር ከፍቷል። በጨዋታ ላይ ደግሞ የግንባር ተጫዋቾች ለእረፍት ሲቀያየሩ፣ ውጤቱ ከተወሰነ በኋላም ቋሚዎቹ ሲወጡ፣ ተጠባባቂዎቹ በእውነተኛ ፍልሚያ ይፈተናሉ። በጸደይ ወራት የሚፈቀዱት 15 የልምምድ ቀናት በአብዛኛው ለተተኪዎቹ የሚውሉ ሲሆን፣ አሠልጣኙ ቦታው ለማን እንደሚገባ መለየት የሚጀምረው በእነዚህ ቀናት ነው።

ሌላው መንገድ ዝውውር ነው። በጥቅምት 2018 የተጀመረው የዝውውር መመዝገቢያ ትምህርት ቤት ለመቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾችን በይፋ ሲያሳውቅ፣ በ2021 የጸደቀው ደንብ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዛወር ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀመጥ እንዲጫወት ፈቀደ። ጆርጂያም በዚያው ዓመት የኋላ ተከላካዮቹን ኤሪክ ስቶክስንና ታይሰን ካምቤልን በድራፍት ባጣ ጊዜ ደሪየን ኬንድሪክን ከክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ አምጥቷል። ዝውውር የበሰለ ተጫዋች ያስገኛል፤ ነገር ግን የቡድኑን ምልክቶችና ስልት እንደ አዲስ መማር ስለሚጠይቅ የላይንባከርን ቦታ ለመሙላት ከሌሎቹ ይልቅ ያስቸግራል።

በ2022 ጆርጂያ በዋናነት የተማመነው በቤቱ ልጆች ነበር። በግንባሩ ላይ ቀድሞ ከነባሮቹ ጋር እየተፈራረቀ ይጫወት የነበረው ጄለን ካርተር የመስመሩ መሪ ሆነ፤ በላይንባከርነት ሁለተኛ ዓመታቸውን የጀመሩት ጄሞን ዱማስ ጆንሰንና ስማኤል መንደን ገቡ፤ በኋላ ክፍሉም አዲሱ ተማሪ ማላካይ ስታርክስ ከነባሩ ክሪስቶፈር ስሚዝ ጎን ቆመ። ከ2016 ጀምሮ በጆርጂያ ከስማርት ጋር የሠሩት ግሌን ሹማን ከዊል መስቻምፕ ጋር መከላከያውን ስለተረከቡ ስልቱም ሆነ ምልክቱ አልተለወጠም። የመጀመሪያው ጨዋታም የተደረገው ከራሱ ከላኒንግ አዲስ ቡድን ጋር ሲሆን፣ ጆርጂያ 49 ለ3 አሸነፈ፤ ስታርክስም በዚያ ጨዋታ ኳስ ነጠቀ።

ይህ ማለት ግን የሄዱት በእኩያ ተተኩ ማለት አይደለም። መከላከያው ተጋጣሚ በሩጫ የሚያገኘውን ርቀት በጨዋታ ወደ 77 ያርድ ገደማ በመገደብ ከአገሪቱ ቀዳሚ ሲሆንና በሳምንታዊው ደረጃ አንደኛ የነበረውን ቴነሲን 27 ለ13 ሲያሸንፍ፣ በኋላ ክፍሉ በኩል ግን በርካታ ጊዜ ተጋልጧል፤ የሉዊዚያና ስቴት ቡድን በውርወራ ከ500 ያርድ በላይ ሄዶበታል፣ ኦሃዮ ስቴትም 41 ነጥብ አስቆጥሮ የተሸነፈው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። በአማካይ ያስተናገደው ነጥብም ወደ 14.3 አድጓል። የተፈጠረውን ልዩነት የማጥቂያው ክፍል ስለሸፈነው ቡድኑ 15ቱንም ጨዋታ አሸንፎ፣ በፍጻሜው ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን 65 ለ7 ረትቶ ዋንጫውን ደገመ።

ከዚህ የሚታየው የመተካት ስኬት የሚመዘነው የሄደውን ሰው የሚመስል ሌላ ሰው በማግኘት ሳይሆን፣ ስልቱን የሚያውቅ ሰው በተራው ተዘጋጅቶ በመገኘቱ ነው። ይህ ደግሞ ተራን መጠበቅን ይጠይቃል። ተጫዋቾች ከ2021 ጀምሮ ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ፣ ከ2025 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲከፍሏቸው በመፈቀዱ፣ በሌላ ትምህርት ቤት ቋሚ መሆን ለሚችል ተጠባባቂ የመቆየት ምክንያቱ እየሳሳ ሄዷል። ዲንን የተካው ዱማስ ጆንሰን ራሱ በ2023 የውድድር ዘመን መጨረሻ ላይ ተጎድቶ ቦታውን ለአዲስ ተማሪ ከለቀቀ በኋላ ወደ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሯል። ስለዚህ አሠልጣኞች ዛሬ ነባሮቹን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተሰለፉትን ተተኪዎችም በየዓመቱ መተካት ግድ ሆኖባቸዋል።