ተጨማሪ መረጃ፦ መልኩ የማይለዋወጥ ገጸ ባሕርይ

የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነጭ ፈረሱና ዘንዶውን ከሚወጋበት ጦሩ ጋር፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስንም በአንበሶችና በነብሮች መካከል እየሣሉ፣ ምእመኑ በየደብሩ ቅዱሳኑን ያለ ጽሕፈት እንዲለይ አድርገዋል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠራ የቪዲዮ ማስታወቂያ ግን፣ መሣሪያው እያንዳንዱን ትዕይንት እንደ አዲስ ስለሚፈጥር፣ ለአንድ የኪራሙ ቡና ቤት የታሰበችው እናት ጀበናውን ስትጥድ የነበራት መልክ ስኒውን ስታቀርብ የሌላ ሴት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህም ምስሏን ከፊትና ከጎን አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ የሹሩባዋንና የልብሷን መግለጫ አንዲት ቃል ሳይለውጡ መድገም ይገባል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የራንዌይ ኩባንያ ጄን 4 የቪዲዮ ሞዴልም እንዲህ ያለውን ምስል በአብነት ይቀበላል። በእኔ ግምት ከፊቷ ይልቅ ቶሎ የሚለወጠው የቀሚሷ ጥለት ነውና፣ እርሱን በቅርብ የሚያሳይ ሌላ ምስል ቢታከል መልካም ነው።